ከእጅ ንድፍ ልጀምር ወይስ ከአውቶካድ (በኮምፒውተር ፕላን መሳያ ፕሮግራም)?

ሰላም ወገኖች። አዳማ ነኝ፣ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል እገባለሁ። አርክቴክት መሆን ስለምፈልግ የተፈጥሮ ሳይንስ መርጫለሁ።

አጎቴ ግንበኛ ነው። ክረምቱን አብሬው ሳይት እየዋልኩ ቱንቢ መጣልና ውሃ ልክ ማየት ለመድኩ። እጄ ቢቆሳስልም ሥራውን ወድጄዋለሁ። ያስቸገረኝ ፕላኑ ነው። በ1:50 ስኬል 4 ሜትር ክፍል 8 ሴንቲ ይሆናል፤ እሱ ገብቶኛል። ደረጃው ላይ ግን ግራ ገባኝ። የ3 ሜትር ከፍታን ለ18 ሳካፍለው እያንዳንዱ እርከን ወደ 16.7 ሴንቲ መጣ። ስሌቱስ ይሁን፤ ግን ፕላኑ ላይ ደረጃው መሃሉ ላይ በሰያፍ መስመር የሚቆረጠው ለምንድነው? አጎቴን ስጠይቀው «እንዲሁ ነው የሚሳለው» ይለኛል።

ኮምፒውተር የለኝም። በእጅ መሳሉን ልግፋበት ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ አውቶካድ ልማር? እዚህ አዳማ ለተማሪ የሚያስተምር ሰው የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።