ሆድ ውስጥ ቢራቢሮ ምን ትሠራለች?

ተርጓሚዋ፦ ወገን፣ አንድ አባባል አስቸገረኝ። ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ልጅቷ መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል «ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮዎች አሉ» ትላለች። እንዳለ ብተወው እናቴ «ወስፋት ነው እንዴ?» ማለቷ አይቀርም።

ፊደል ቆጣሪ፦ እናትሽ እውነታቸውን ነው። በአማርኛ ሆድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ መድኃኒት ይፈለግለታል። እንግሊዝኛው ግን ፈተና ወይም ቀጠሮ ሲደርስ ሆድን የሚነካካውን ፍርሃት ማለቱ ነው። ጀርመኖችም ቢራቢሮዋን ሆዳቸው ውስጥ ያስገቧታል፤ እነሱ ግን በብዛት ለፍቅር ነው።

እኛ ለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ወደ ልብ ነው የምንወጣው። «ልቤ ድው ድው አለ» በይ። «ልቤ ተሰቀለ»ም አለ፤ እሱ ግን ወሬ ለሚጠባበቅ ሰው ይሻላል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» በይ የሚልሽ ከመጣ እንዳትሰሚው! ባር ባር የሚለን ሰው ሲሄድብን፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው። «ሆዴ ባባ»ም ለእንባ የቀረበ ነው።

ጠጅ ሳር፦ ፍርሃት ልብ ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ፈተና ሲደርስ ሽንት ቤት ነው የምመላለሰው። ስንፈራ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ደሙን ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ያዞረዋል፤ ሆድ ሥራው ይስተጓጎልበታል። «ሆዴ ተረበሸ» ብትልስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እሱን የሰማ «ምን በልታ ነው?» ይላል።

ከርዕስ ልውጣና፣ ቢራቢሮና ሆድ በአማርኛም ሳይተዋወቁ አልቀሩም። ቢራቢሮ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ማን ነበረች? አባ ጨጓሬ! ለጆሮ ጨጓራ ይመስላል እንጂ ስሙ ከጠጉሩ የመጣ ይመስለኛል፤ ትግርኛ ጠጉርን «ጨጉሪ» ይለዋል። በልጅነቱ የነካው ሰው ያ ጠጉር እንዴት እንደሚያሳክክ ያውቃል። የማታዋን ዘመዷን ደግሞ «የእሳት እራት» አልናት። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ቋንቋ የሰው ቢራቢሮ መበደር የለበትም ባይ ነኝ።

ተርጓሚዋ፦ «ልቤ ድው ድው አለ» ብዬ ጻፍኩት። ግን ትዕይንቱን ደግሜ ሳየው፣ ፊት ወንበር ላይ ያ ልጅ ተቀምጧል። ለካ የፈራችው መድረኩን አይደለም።

ጠጅ ሳር፦ እንግዲያው «ሆዴ» ትበለውና ይገላገሉ።