ጠቅልለን አዲስ አበባ ልንገባ ነው፤ የቀደማችሁን ምከሩን

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ 19 ዓመት ኖረናል፤ ሁለታችንም የአሜሪካ ዜግነት ወስደናል። ልጆቻችን የ11 እና የ7 ዓመት ናቸው፤ እዚሁ ተወለዱ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልለን ልንገባ ነው። ባለቤቴ የኮምፒውተር ሥራውን እዚያው ሆኖ እንዲሠራ መሥሪያ ቤቱ ፈቅዶለታል። አማቴም አብረውን ይመጣሉ፤ እሳቸው ግሪን ካርድ ነው ያላቸው። ዕቃውን በኮንቴይነር ልንልክ አስበናል። ታክሱስ? «ከአገር ከወጣችሁ አይመለከታችሁም» ያለን ሰው አለ። ቢጫ ካርዱንስ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ከዚህ እናውጣ ወይስ እዚያ ደርሰን?

መልስ፦ ከሲኤምሲ

እህቴ፣ ቅጣቱ ሲመጣ ያ ሰው አብሯችሁ አይከፍልም። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት በየዓመቱ ታክሱን ያሳውቃል። ማሳወቅና መክፈል ግን ለየቅል ናቸው። ውጭ ተቀምጦ ሠርቶ ያገኘው ደመወዝ እስከ ተወሰነ ድረስ (ለ2025 ለአንድ ሰው 130,000 ዶላር) ከፌዴራሉ የገቢ ግብር ሊቀነስለት ይችላል። ከፋዩ የአሜሪካ ድርጅት ቢሆንም ችግር የለውም፤ የሚታየው ሥራው የት ተሠራ የሚለው ነው። በቀን ቆጠራው ከሄዳችሁ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መዋል አለበት፤ ከአሜሪካ የተነሣበት ቀን እንደ ሙሉ ቀን አይያዝም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለእህቴ ሠርግ ብዬ ሄጄ፣ መልስ ቅልቅል እያልኩ 40 ቀን ቆየሁ። ቆጠራዬን እንዳበላሸሁ የገባኝ ተመልሼ ቲኬቶቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስቆጥር ነው።

የኢትዮጵያንም ግብር አትርሱ። በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ የኖረ ሰው ነዋሪ ይባላል፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ የሚያገኘው ገቢም ይመለከተዋል። በሁለቱ አገሮች መካከል የግብር ስምምነት የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ሕግ የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ከመውጣታችሁ በፊት አነጋግሩ።

ብዙዎቻችንን የሚያመልጠን ግን የባንክ ሪፖርቱ ነው፤ ኤፍባር ይሉታል። ከአሜሪካ ውጭ ያሏችሁ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ባይሆንም፣ የመፈረም ሥልጣን ካላችሁ ይቆጠራል። «ድንገት ብታመም» ብለው እናትሽ የባንክ ደብተራቸው ላይ ፈራሚ አድርገውሽ ከሆነ እሱም ይገባል ማለት ነው።

መልስ፦ ከቡልቡላ

ወረቀት ወረቀቱን እዚያው ጨርሺ። የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት መጀመሪያ አናፖሊስ ባለው የሜሪላንድ መንግሥት ቢሮ፣ ቀጥሎ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ)፣ መጨረሻ እኛው ኤምባሲ ይረጋገጣል። ላንቺ ሦስቱም በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። እኔ የትልቁን ልጄን ሳላረጋግጥ መጥቼ፣ እዚህ ሲጠይቁኝ ዋናውን በሰው እጅ መልሼ ላክሁ። የአክስቴ ልጅ ከሥራ እየቀረች ስትመላለስ ከረመች፤ እስካሁን ታነሣብኛለች። ቢጫ ካርዱንም ዋሽንግተን ኤምባሲ ብታወጡት ይሻላል፤ የቀድሞውን የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን ፈልጉት። ልጆቹ በእናንተ የትውልድ መነሻ ይገባቸዋል። ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ አያስመርጥም።

ኮንቴይነር ያልሽው አላማረኝም። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የኬክ ሚክሰሬን የሶኬት አስማሚ ብቻ አድርጌ ሰካሁት፤ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ጭስ አወጣ፣ አለቀ። ትራንስፎርመር ገዛሁ። ከዚያ ደግሞ የራስጌ ሰዓቴ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም፣ ያ ደግሞ እዚያ 60 ኸርዝ፣ እዚህ 50 ነው። ልጆቹን አርፍጄ ትምህርት ቤት ያደረስኩት በዚሁ ሰዓት ነው። አልጋ ልብስ፣ መጻሕፍት፣ የልጆች ጫማ አምጡ፤ ሞተር ያለውን ሁሉ እዚያው ሽጡት። የቤንዚን መኪናማ አታስቡት፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ማስገባት ተከልክሏል።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ስለ አማትሽ ማንም ስላላነሣ ነው የገባሁት። ግሪን ካርድ ይዘው ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆዩ ሲመለሱ ችግር ነው። የመመለስ ሐሳብ ካላቸው ሬኢንትሪ ፐርሚት (ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ) ያስፈልጋቸዋል፤ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻው የሚገባው ግን እሳቸው እዚህ አሜሪካ ምድር ላይ እያሉ ነው፤ አሻራም ይጠራሉ። ሰኔ ሩቅ እንዳይመስላችሁ።

ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ) የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ 30 ተከታታይ ቀን ከአገር ከወጡ ይቆማል፤ ዜጋ ቢሆኑም። እናቴ ለጥምቀት ብላ ሄዳ ፋሲካን እዚያው ዋለች። አላሳወቅንም፣ ብሩ መግባቱን ቀጠለ። ከወራት በኋላ «መልሱ» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ በየወሩ እየቆረጥን ከፈልን። ጥፋቱ የኛው ነበር። በጡረታ መዋጮ የሚገኘው ሶሻል ሴኩሪቲ ሌላ ነው፤ ለዜጋ አዲስ አበባም ሆኖ ይከፈላል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድኑ) ግን እዚያ ሐኪም ቤት አይከፍልላችሁም።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የእናቴ ደብተር ላይ ለካ ከ2019 ጀምሮ ፈራሚ ነኝ፤ ትናንት ደውዬ ነው ያረጋገጥኩት። እሷ ደግሞ «ምን ሆነሻል፣ ልትወስጂብኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። የአማቴን ማመልከቻ ሰኞ እናስገባለን። ሚክሰሩን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ያለፉትን ዓመታት ኤፍባር ዘግይቶ ያስገባ አለ? ምን አሏችሁ?