እኔ 1000 ሪያል ፊሊፒኗ 1500፣ ቤቱ አንድ ስራው አንድ፤ ነገሩ እንዴት ነው?

የሪያዷ
ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔ ሪያድ ነው ያለሁት፣ በኮንትራት ነው የመጣሁት፣ በኤጀንሲ፣ ስልጠናም ወስጄ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ፈተናውን) ተፈትኜ። እዚህ ቤት አንዲት ፊሊፒናዊት አለች፣ እሷ ልጆቹን ትይዛለች እኔ ኪችንና ጽዳት ነኝ ተብሎ ነበር ግን አሁን ስራው ተቀላቅሏል፣ ሌሊት ህጻኑ ሲያለቅስ የምነሳው ራሴ ነኝ። የኔ ኮንትራት 1000 ሪያል ይላል የሷ 1500። ብሩስ ይሁን፣ እሷ አርብ አርብ ትወጣለች፣ ስልኳን ማንም አይነካባትም፣ ደሞዟ የዘገየ ጊዜ ለማዳም "ኤምባሲዬ ጋ እደውላለሁ" አለቻት በማግስቱ ተከፈላት። እኔ እንደዛ ብል የሚስቁብኝ ነው የሚመስለኝ። እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው ይሉኛል፣ እሱ ብቻ አይመስለኝም። የሚያውቅ ያስረዳኝ፣ በናታችሁ ግን "መጀመሪያ ለምን ሄድሽ" የሚል ሰው አይጻፍልኝ።

ጎበዜ_23
እህቴ እንግሊዝኛውማ ያግዛል፣ 1500ው ግን ከሱ አልመጣም (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የፊሊፒንስ መንግስት 2006 መጨረሻ ላይ የቤት ሰራተኛ ከ400 ዶላር በታች አልክም ብሎ ወሰነ፣ 400 ዶላር ወደ ሪያል ስትመነዝሪው 1500 ነው፣ በቃ። ማዳምሽ ወዳ አይደለም የምትከፍላት፣ እሷ ስትፈርም ከዛ በታች የሆነ ኮንትራት ማኒላ ላይ፣ መንግስታቸው ጋ፣ ስለማያልፍ ነበር።

ደሞ መንግስታቸው ከመሬት ተነስቶ ደግ ሆኖ እንዳይመስልሽ። 1995 ላይ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሰራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በግድያ ተፈርዶባት ተሰቀለች፣ አገሯ ህዝቡ አልገደለችም መንግስት ዝም ብሎ አስበላት ብሎ አደባባይ ወጣ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይቀር ስልጣኑን ለቀቀ፣ በሶስት ወር ውስጥ የስደተኛ ሰራተኞች ህግ ጸደቀ። እዛ ህግ ውስጥ እኔ ትልቁ የምለው ነገር ኤጀንሲው ከውጭው አሰሪ ጋር አብሮ ተጠያቂ መሆኑ ነው። ከፊሉ (አሰሪዋ) ደሞዟን በልቶ ቢያባርራት አገሯ ገብታ የምትከሰው ማኒላ ያለውን ኤጀንሲ ነው፣ ሳውዲ ድረስ ማንንም ማሳደድ የለባትም። ኤጀንሲው ከኪሱ እንደሚከፍል ስለሚያውቅ ክፉ አሰሪ ጋ ሰው ለመላክ ሁለቴ ያስባል። ከ2004 ጀምሮ ደሞ ውጭ ሆነው ይመርጣሉ፣ ፖለቲከኛው ድምጻቸውን ይፈልጋል። እኛ ማን ይፈልገናል?

ቤይሩት_ነበርኩ
ጎበዜ ያልከው ልክ ነው ግን ፊሊፒኖችን ገነት ውስጥ አታስቀምጣቸው። ቤይሩት እያለሁ ፓስፖርቷ የተቆለፈባት ፊሊፒናዊት አውቃለሁ፣ አገሯ የፈረመችው ኮንትራት ሌላ እዛ ስትደርስ በአረብኛ ያስፈረሟት ሌላ። የላኪው አገር ህግ እኮ ኤርፖርት ድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ የተቀባዩ አገር ህግ ካልያዘሽ ምንም ነሽ። የሊባኖስ የሰራተኛ ህግ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሰራተኛን ጭራሽ አውጥቷታል። 2020 ላይ የስራ ሚኒስቴሩ አዲስ ኮንትራት አወጣ፣ የእረፍት ቀን ያለው፣ ሰራተኛዋ አሰሪዋን መልቀቅ የምትችልበት፣ ደስ ብሎን ሳንጨርስ የአስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማህበር ከሰሰና ሹራ ካውንስሉ (የመንግስት ውሳኔ የሚከሰስበት ፍርድ ቤታቸው) አገደው። ያው በዛው ዓመት ነው ማዳሞቹ የቤት ሰራተኛ እህቶቻችንን በመኪና እያመጡ የኛ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው።

ሆንግ ኮንግን እዩ እስቲ። እዛ የቤት ሰራተኛ በመደበኛው የሰራተኛ ህግ ውስጥ ናት፣ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፣ ማህበር ትመሰርታለች፣ እሁድ እሁድ ፊሊፒኖቹና ኢንዶኔዢያኖቹ መሀል ከተማውን ሞልተውት ነው የሚውሉት። ኮንትራቷ ሲቋረጥ ግን በሁለት ሳምንት ውጪ ትባላለች፣ እሱን ፈርታ ስንቱን ችላ የምትኖር አለች። ፊሊፒኗ ያው ፊሊፒኗ ናት፣ ፓስፖርቷም ያው ነው፣ ሆንግ ኮንግ ስትሆንና ቤይሩት ስትሆን ግን ኑሮዋ አይገናኝም።

ዘሪሁን ዘ አራዳ
እኔ ምለው ዝም ብሎ ጉዞውን መዝጋት አይሻልም? ሰው እየሞተ ምን ኮንትራት ኮንትራት ያሰኛል

ጎበዜ_23
ዘሪሁን ተዘግቶ አየነው እኮ። 2013 ላይ ተዘጋ፣ እስከ 2018 ከ4 ዓመት በላይ ቆየ፣ የቀረ ሰው አለ? ኤጀንሲው ሲዘጋ ደላላው ከፈተ፣ በጅቡቲ በየመን በሱዳን። ኔፓልም ሴቶቿን ወደ ገልፍ አትሂዱ ብላ ስትዘጋ በህንድ በኩል ዞረው ገቡ፣ ኤምባሲው የማያውቃቸው ሆኑ።

ፊሊፒኖች ሲዘጉ ለመደራደሪያ ነው። 2018 ላይ አንዲት ልጃቸው ኩዌት ፍሪዘር ውስጥ ሞታ ተገኘች፣ የያኔው ፕሬዝዳንታቸው ዱቴርቴ ሰው መላክ አቆመ፣ ሜይ ላይ ኩዌት ፈረመች፦ ስልክ አይነጠቅም፣ ፓስፖርቱ ኤምባሲው ጋ ይቀመጥ። ያም ሆኖ 2023 ላይ ሌላ ልጅ ተገደለች። ማኒላ ለአዲስ ሰራተኞች እንደገና ስትዘጋ ኩዌትም በተራዋ ለፊሊፒኖች ቪዛ ከለከለች፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ካቀረበችው ቅሬታ አንዱ ኤምባሲው ከአሰሪ የጠፉትን መጠለያ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ጉድ በል ጎንደር። እነሱን እንዲህ ካደረጓቸው እኛ ብቻችንን ምን አቅም አለን፣ ላኪ አገሮቹ በአንድ ዋጋ ቢቆሙ ነበር፣ አሁን ግን ፊሊፒኗ ስትወደድ ወደኛ ይዞራሉ፣ እኛ ስንወደድ ወደ ኬንያና ኡጋንዳ።

ኤጀንሲ_ቤት
እኔ አዲስ አበባ ኤጀንሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስድብ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ ግን አንድ ነገር ላርም። የኛም ህግ እኮ አለ። አዋጅ 923/2008 (በኛ አቆጣጠር) ኤጀንሲውን ከአሰሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርገዋል (ሁለቱንም ወይ አንዱን ብቻ መክሰስ ይቻላል ማለት ነው)፣ 100,000 ዶላር ዋስትናም ያስይዘዋል። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ ኢንሹራንስ አሰሪው ላይ ነው፣ ልጅቷ የምትከፍለው ፓስፖርት፣ ሜዲካል፣ አሻራና እንደዚህ ያሉትን ነው። ችግሩ የሚከስ የለም። ልጅቷ ከቦሌ በቀጥታ አገሯ ትገባለች፣ ኮፒ የላትም፣ ደላላው ሰፈሯ ያለ ዘመድ ነው፣ እሱን ከሳ የት ትኖራለች።

የሪያዷ፣ ኮንትራትሽ ሙሳነድ ላይ፣ የሳውዲ መንግስት የቤት ሰራተኛ ኮንትራት መመዝገቢያ ሲስተም ላይ፣ የተመዘገበ ነው። ኦክቶበር 2024 ስራ ላይ በዋለው የሳውዲ የቤት ሰራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት አለሽ፣ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሰሪም፣ ፓስፖርትሽንም መያዝ አይችሉም። ይሄ ለፊሊፒኗ ብቻ የወጣ አይደለም።

የሪያዷ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 500ውን እንደማላመጣው ገብቶኛል፣ የእረፍት ቀኑን ግን አላውቅም ነበር፣ እስካሁን አንድም አርብ አልወጣሁም። ኮንትራቴን ኤጀንሲዬ ጋ ደውዬ ብጠይቅ ይልኩልኛል ወይስ ለማዳም ይነግሩብኛል?

ኤጀንሲ_ቤት
እንደ ኤጀንሲው ነው፣ አንዳንዱ ይነግራል። እህትሽ ወይ ወንድምሽ ቢሮ በአካል ሄዶ ይጠይቅ፣ ኮፒው ያንቺ መብት ነው፣ እምቢ ካሉ ስራና ክህሎት ሚኒስቴር ያመልክት። ከማዳም ጋር ኮፒው እጅሽ ሳይገባ አትጀምሪ።