የሰው ሰርግ ለኤዲቲንግ መለማመጃ ይሁን?

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላንሳና እንከራከርበት። ደሴም ኮምቦልቻም ኤዲቲንግ የሚማር ወጣት በዝቷል። ላፕቶፕ ይዋሳል፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም በነፃ ይጭናል፣ ከዚያ ይቆማል። የሚቆርጠው ቪዲዮ የለውም። ስለዚህ አንዱ ስቱዲዮ ይሄድና «ያለቀ ሰርግ ካላችሁ ጥሬውን ስጡኝ፣ ልለማመድበት» ይላል። ብዙ ጊዜ በፍላሽ ገልብጠው ይሰጡታል። ሙሽሮቹ ግን ወሬውን እንኳ አልሰሙም። እኔ ሳይጠየቁ መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ስቱዲዮ ያለው፣ ደሴ
ወንድሜ፣ አልስማማም። እኛ ሙያውን በምን ተማርነው? ከቀደሙን ሥር ቁጭ ብለን የሰው ሰርግ እየቆረጥን አይደል እንዴ! ጥሬ ሰርግ የሚያስተምረውን ሌላ ነገር አያስተምርም። ሁለት ካሜራ አለ። አንዱ ሙሽራዋ ላይ ነው፣ ሌላው ሕዝቡ ላይ። ድምፁ ከድምፅ ማቀላቀያው፣ ከሚክሰር፣ ለብቻው ይመጣል። ቀለበት ሲታሰር አንዱ ካሜራማን ባትሪ እየቀየረ ነበር፣ ሌላው ካሜራ ፊት ደግሞ ሚዜው ቆሟል። ያንን ክፍተት በምን ትሞላዋለህ? የእናትየውን ፊት ትፈልጋለህ። ከሁለት ደቂቃ በፊት ያለቀሰችበትን ታገኛለህ፣ ድምፁን ሳታቋርጥ እሱን ትደርባለህ። ሙያው እዚህ ጋ ነው ያለው። ከኢንተርኔት የወረደ የፀሐይ መጥለቂያ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ቪዲዮ የሚወርድባቸውን ድረ ገጾች፣ ፔክስልስንም ፒክሳቤይንም፣ ሞክሬያቸዋለሁ። ነፃ ናቸው፣ ስማችንን ጥቀስ እንኳ አይሉም። ግን ክሊፑ አጭር ነው፣ አብዛኛው ድምፅ የለውም፣ ሁሉም ተመርጦ ያለቀለት ነው። የሚጣል ከሌለ ምን እመርጣለሁ? ለከለር፣ ማለትም ቀለም ለማስተካከል፣ መለማመጃ ይሆናል፣ ታሪክ ለመቁረጥ አይሆንም። ለማውረድ የሚያልቀው ፓኬጅ ሳይቆጠር ነው ይህ ሁሉ።

የሙሽራ እህት፣ ሐይቅ
እኔም ልናገር። እኛ ቤት ሰርግ ሲደገስ የሴቶቹ ክፍል ለብቻ ነው። እዚያ ሂጃብ ይወልቃል፣ ሒና ይደረጋል፣ ይጨፈራል። የምትቀርጸውም ሴት ናት። ይህን ቀድመን ተነጋግረን ነው ሥራውን የሰጠነው። ያ ቪዲዮ ለማናውቀው ልጅ ሲደርስ፣ ልጁ ጨዋ ይሁን እሺ፣ ላፕቶፑ ግን የወንድሙ ነው። ወንድሙ ያያል፣ ጓደኛው ያያል። አንድ ቁራጭ ቴሌግራም ላይ ከወጣች ማን ይመልሳታል? እህቴ ከባሏ ቤት ምን ትባላለች? ወላሂ ይህ የመለማመጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስቱዲዮ ያለው፣ ደሴ
እታለም፣ የሴቶቹን ክፍል እኔ ለማንም አልሰጥም። እሱማ አይነካም። እኔ የምለው የአዳራሹን ነው።

የሙሽራ እህት፣ ሐይቅ
አይከፉብኝና፣ ይኸኛው ይሰጣል ያኛው አይሰጥም ብሎ የሚወስነው ማነው? እርስዎ ብቻ ነዎት። ፊቱ ግን የእኛ ነው። እርስዎ ጠንቃቃ ቢሆኑ ሌላው እንደ እርስዎ ላይሆን ይችላል።

ጠበቃ፣ ወልዲያ
ሕጉ ምን እንደሚል ባጭሩ ላስታውስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ሰው ሁሉ የሚያስበው አደባባይ ላይ መለጠፉን ብቻ ነው። ማባዛትም እዚያው ተጠቅሷል። ወደ ፍላሽ መገልበጥ ምንድነው ታዲያ? የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ መውሰድን ይፈቅዳል የሚል መከራከሪያ ይመጣል። እሱ የሚፈቅደው ግን ለሕዝብ ከወጣ ሥራ ነው። የአንድ ቤተሰብ ጥሬ ሰርግ ለሕዝብ ወጥቶ አያውቅም።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ
ይገባኛል። እኔም የእህቴ ቢሆን አልወድም። ግን እኛስ ምን እንሁን? አዲስ አበባ ሄዶ የሚማርበት ገንዘብ ያለው ስንቱ ነው?

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ፣ ከደሴ
አብሽር፣ መንገድ አለ። መጀመሪያ ከውጭ ያለውን ልንገርህ። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ባለቤት የሆነው ብላክማጂክ የማስተማሪያ መጽሐፎቹን ከነመለማመጃ ቪዲዮዎቻቸው ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። ኤዲትስቶክ የሚባለው ደግሞ ለዚሁ ልምምድ ብሎ የተቀረጹ ትዕይንቶችን ጥሬውን እንዳለ ያቀርባል። ተዋናዩ የተሳሳተበትም ይገባል፣ ስክሪፕቱም አብሮ አለ። አብዛኛው በክፍያ ነው፣ በነፃ የሚሞከርም አለው። ለሁሉም ፈቃዱን አንብብ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት በሚሰጠው ፈቃድ ከሆነ፣ ቀይሮ ማሰራጨትን የሚከለክል ዓይነት አለ። ቤትህ ብትቆርጠው ችግር የለም፣ የቆረጥከውን መለጠፍ ግን አትችልም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማስበልጠው ግን ራሳችን መቅረጽን ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ሞልቷል። የምታውቀውን አንድ የባጃጅ መካኒክ ለምነው፣ ጎማ ሲፈታ ቅረጸው። አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ እጁን ብቻ፣ አንዴ ፊቱን፣ ያንኑ ሥራ እየደጋገመ። መፍቻው መሬት ሲወድቅ አታቁም። ደንበኛው መጥቶ ሲጨቃጨቅም አታቁም፣ በኋላ እሱንም አስፈቅደው። ድምፁን በሌላ ስልክ ለብቻ ያዝ። ቤት ስትገባ እጁ በሰፊው ምስል ላይ ግራ ነበር፣ በቅርቡ ላይ ቀኝ ሆኖ ታገኘዋለህ። እሱን ማስታረቅ ነው ትምህርቱ።

የስልክህ ካሜራ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አድርገው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጋራዡ ውስጥ ያለው አምፖል ብልጭ ድርግም አይልብህም። ስልክ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ የሚይዘውን የፍሬም ብዛት ወጥ አድርጎ አይቀርጽም። ድምፁ እየቆየ ከምስሉ የሚሸሸው በዚያ ምክንያት ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወጥ አድርገህ ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ክሊፖቹ የሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ አውጣው።

ስቱዲዮ ያለው፣ ደሴ
ይህ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የባጃጅ ጎማ አንዴ ካመለጠህ መልሰህ ታስፈታዋለህ። ሰርግ አይደገምም። ያንን ጭንቀት ያላየ ልጅ እኔ ጋ ሲቀጠር ይደነግጣል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ብናደርግ እላለሁ፤ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይግባ። «ጥሬ ቪዲዮው ለተማሪ ልምምድ እንዲውል እፈቅዳለሁ ወይም አልፈቅድም» ብለው ሙሽሮቹ ይፈርሙ። ተማሪውም እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሥራ እንጂ ፍላሽ ይዞ አይወጣም።

የሙሽራ እህት፣ ሐይቅ
ሙሽራዋ ራሷ ተጠይቃ ትፈርም፣ ወንድሟ ወይም ባሏ ስለ እሷ አይፈርም። የሴቶቹ ክፍል ደግሞ ከጥያቄው ይውጣ። እንዲህ ከሆነ አልቃወምም።

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ፣ ከደሴ
ጋሼ፣ ይህን ውል የሚያስፈርም ስቱዲዮ ካለ እኔም እቀበላለሁ። እስኪፈረም ድረስ ግን ያለፉት ሰርጎች አይሰጡ። እነዚያ ሙሽሮች አልተጠየቁም።

ተማሪ፣ መርሳ
እኛ ጋ ተማሪ የሚያስቀምጥ ስቱዲዮ የለም። ስለዚህ የጋራዡ ሐሳብ ለእኔ ይሻለኛል። የቀረጻችሁትን ጥሬ በሃርድ ዲስክ ብታዋጡ፣ እኔም የሰፈሬን የእንጨት ሥራ ቤት አስፈቅጄ እቀርጻለሁ። ሁላችንም ያንኑ ትዕይንት ቆርጠን እንተያያለን።

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ
እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ አስፈቅዳለሁ። ድምፅ የሚይዝ ሁለተኛ ስልክ ያለው ማነው?