አያት፣ ሰሚት ወይስ ጀሞ? ከሁለት ሕፃናት ጋር ቤት ልንከራይ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። የአሁኑ ቤታችን ውል ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ አንድ መኝታውም ጠቦናል። ትልቋ አራት ዓመቷ ነው፣ መስከረም ኬጂ ትገባለች። ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። እኔ የምሠራው ሜክሲኮ፣ ባለቤቴ መገናኛ። መኪና የለንም። ደላላ አያት፣ ሰሚትና ጀሞ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አሳይቶናል። ልጅ ይዛችሁ የኖራችሁበት፣ የቱ ይሻላል?

የአያት ነዋሪ፦
እህቴ፣ መኪና ከሌላችሁ አያት። ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮ ይደርሳል። ሁለታችሁም አንድ መስመር ናችሁ። ጠዋት ግን ይጨናነቃል፣ ልጅ አዝለሽ አትሞክሪው። ደግሞ ደላላ «አያት ነው» ስላለሽ አትመኚ። ከባቡሩ ወርዶ ሌላ ታክሲ የሚያስይዝ ቤትም አያት ይባላል። በእግርሽ ሄደሽ እዪው። ሰሚትም ከባቡሩ መስመር ወጣ ያለ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ከሰፈሩ በፊት ፎቁን ነው የማየው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ውኃ በፈረቃ ነበር፤ መጣ ሲባልም ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም። ነፍሰ ጡር ሆኜ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ቤቱን ቅዳሜ ረፋድ አይተሽ ብቻ ቀብድ አትክፈይ። በሥራ ቀን ማታ ተመለሺ። ደላላውን ትተሽ ጎረቤት ጠይቂ፦ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶው የግል ነው የጋራ? ቆጣሪውስ ለብቻ ነው? አንደኛ ፎቅ ካገኘሽ ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን ያዢው። ከሥሩ ግሮሰሪ ካለ ግን ይቅርብሽ፣ ሕፃን አያስተኛም።

ከጀሞ የወጣሁ፦
ጀሞ ላንቺ ይመቻል፤ በመካኒሳ በኩል ሜክሲኮ ትገቢያለሽ። ባለቤትሽ ግን መገናኛ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ አለበት። እኔ ሁለት ዓመት እንደዚያ ተመላልሻለሁ። ማታ ስገባ ልጄ ተኝታ ነበር የማገኛት። ለዚህ ብዬ ነው የወጣሁት።

ውል አዋቂ፦
የትም ተከራዩ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳም ይመዝገብ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። «የስድስት ወር ቅድሚያ» ካሉሽ አዋጁን ንገሪያቸው። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ። ለልጅሽም ሁለት ዓመት ማለት ኬጂ ሳትቀያይር መማር ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ አያት ሄድኩ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ከባቡሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር። ጎረቤቶቹ ቡና ላይ ነበሩ፣ ቁጭ በይ አሉኝ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ የጋራ ሮቶ አለ። የከበደኝ ኬጂው ነው፤ ዋናውን አስፋልት መሻገር አለባት። እዚያ አካባቢ መንገድ የማያሻግር ኬጂ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ሄደን እናየዋለን።