በ486 ዘመን ጠፍጣፋ ኬዝ ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ኮምፒውተር ስለ መገጣጠም

የሽምብጧ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያስወግድ የ486 ዘመን (486 የተባለው ፕሮሰሰር ይሠራበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጀመሪያ) ጠፍጣፋ ኮምፒውተር ገዝቻለሁ፤ ሞኒተር ከላዩ የሚቀመጥበት፣ ወፍራም ላሜራ የለበሰ፣ ከፊቱ ላይ ፍጥነቱን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መብራት ያለው ዓይነት ነው። የኬዙን (የውጪ ሣጥኑን) ቅርጽ በጣም ስለምወደው የፊቱን ገጽታ ሳልነካ ውስጡን በአሁኑ ዘመን ዕቃ መተካት እፈልጋለሁ። የምትጠቀምበት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ውስጥ ሲቪል ምሕንድስና የምትማረው ታናሽ እህቴ ናት፤ ሥራዋም በአብዛኛው አውቶካድ በሚባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ነው። ለዚህ ያዘጋጀሁት ገንዘብ አንድ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ከሚገዛበት እምብዛም አይበልጥም።

ከፍቼ እንዳየሁት በጀርባው በኩል አንድ ክብ የኪቦርድ ቀዳዳና የካርድ መውጫ ክፍተቶች ብቻ ናቸው ያሉት። የፊቱ ማብሪያ ሲጫን ገብቶ የሚቀር ሲሆን ከፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኃይል ከሚሰጠው ሣጥን) ባለ አራት ሽቦ ወፍራም ገመድ ይመጣለታል። የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ምን ዓይነት ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ይገባበታል? የድሮው ፓወር ሰፕላይ ያገለግላል? ሙቀቱንስ እንዴት ልቆጣጠረው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አባይ ማዶ

እህቴ፣ ስለ ማዘርቦርዱ ሌሎች ይመልሱልዎታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ማብሪያው መናገር ይኖርብኛል። ወደ ፊት የሚመጣው ባለ አራት ሽቦ ገመድ የሚያስተላልፈው ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ የገባውን 220 ቮልት ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሚበራውና የሚጠፋው ልክ እንደ ቤት አምፖል፣ ዋናው መስመር ሲገናኝና ሲቋረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ይህንን ለውጦታል፤ አሁን ማብሪያው ለማዘርቦርዱ አጭር ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ የማብራቱን ሥራ የሚፈጽመው ማዘርቦርዱ ራሱ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያም የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ከነማብሪያው ገመድ በሙሉ ያውጡት። ሣጥኑን ግን አይክፈቱት፤ በውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

መልሶ መጠቀሙም አያዋጣም። የድሮው ዕቃ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚሰጠው በ5 ቮልት መስመር ነው፤ የዛሬ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ግን የሚመገቡት በዋናነት ከ12 ቮልት መስመር ነው። በዚህ ላይ አዲሱ ማዘርቦርድ ጠፍቶ ሳለም የሚፈልገው 5 ቮልት በድሮው ላይ ጭራሽ የለም። አንድ መልካም ዜና አለ፤ የድሮውን ሣጥን በማስመሪያ ይለኩት። ወርዱ 150፣ ርዝመቱ 140፣ ቁመቱ 86 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይም መጠኑ ያው ነውና የብሎን ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ይገጥማሉ። ከዚያ የገዘፈ ከሆነ ግን በላሜራ ማስተካከያ ማሠራት ያስፈልጋል።

አሁን ማብሪያውን በተመለከተ፣ ገብቶ የሚቀረውን ቁልፍ ከአዲሱ ማዘርቦርድ ጋር ቢያገናኙት ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ቁልፉ እንደተጫነ ስለሚቆይ ከአራት ሰከንድ ገደማ በኋላ ራሱን ያጠፋል። መፍትሔው እዚያው ፊቱ ላይ አለ። በዚያ ዘመን ኬዝ ላይ ሪሴት የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን እንደገና የሚያስነሣው ትንሽ ቁልፍ ሲለቀቅ የሚመለስ ነው፤ የሚያልፍበትም ዝቅተኛ ቮልት ብቻ ነበር። የእሱን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ የማብሪያው ምልክት ባለበት ቦታ ይሰኩት። አንዲት ቀዳዳ ሳይበሱ፣ ፊቱንም ሳይነኩ ማብሪያ አገኙ ማለት ነው። ትልቁ ቁልፍ ያለ ሽቦ ለመልኩ ብቻ ይቀመጥ።

ቁጥር የሚያሳየው መብራትም አይጣል። ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አይደለም፤ ከጀርባው ባሉት ትንንሽ መሰኪያዎች አቀማመጥ የተመረጠውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ከፓወር ሰፕላዩ ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ቀዩን 5 ቮልትና ጥቁሩን ሽቦ ቢያገኝ ይበራል።

ላሜራ ቤት

በኬዙ ጀርባ ላይ ልጨምር። የእርስዎ ኬዝ የተሠራው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባስጀመረው ኤቲ በተባለው ቅርጽ ነው። ያ ቅርጽ በጀርባው የዩኤስቢም ሆነ የሞኒተር መውጫ ስለማያውቅ አዲስ ማዘርቦርድ ለማስገባት 159 በ44.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ አራት ማዕዘን መስኮት መቆረጥ ይኖርበታል። ጥሩነቱ፣ በካርድ መውጫዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከያኔው እስከ ዛሬ 20.32 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዘልቋል። ስለዚህ ማንኛውንም የማይሠራ ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው ካርዱን በኬዙ መውጫ ላይ በብሎን ካሰሩት፣ ማዘርቦርዱ የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይገለጻል፤ ያኔ የእግሮቹን ቀዳዳዎችና የመስኮቱን ዳር በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ሌላ መንገድ ነው። ቆራሌ የሰበሰበው የተሰባበረ የኤቲኤክስ ኬዝ ባሕር ዳር ውስጥ አይጠፋም። የእሱን የጀርባ ላሜራና የማዘርቦርዱን መቀመጫ በአንድነት ቆርጣችሁ፣ የድሮውን ኬዝ ጀርባ በዚያው ልክ ከፍታችሁ በሪቬት መግጠም ትችላላችሁ፤ ሁሉም ቀዳዳ በፋብሪካው ልክ ስለሚሆን የመለካት ጣጣ ይቀራል። ስትቆርጡ የፕላስቲኩን ፊት አስቀድማችሁ አውጡት፤ የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ መያዣዎቹ ድርቅ ያሉ ስለሆኑ በንዝረት ይሰበራሉ። የተቆረጠውን ዳር በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ፣ የብረት ፍርፋሪውን በሙሉ ሳታጸዱ ማዘርቦርድ አታስገቡ፤ አንዲት ቅንጣት ሁለት የኤሌክትሪክ ነጥቦችን ካገናኘች ዕቃውን ታበላሻለች።

መጠኑን ስትመርጡ፣ ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ244፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው። በጠፍጣፋ ኬዝ የፍሎፒና የሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ በማዘርቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ፣ አነስተኛው ይበልጥ ይመቻል።

የፖሊ ምሩቅ

አውቶካድ ለሚሠራበት ሰው ምክሬ ኤኤም4 በሚባለው የማዘርቦርድ መሰኪያ ላይ የሚገባው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ የሙቀት መጠኑ 65 ዋት ሲሆን የምስል ማቀነባበሪያውም በውስጡ ስላለ ሌላ ካርድ አያስፈልግም። አቅም ካጠረ ባለ አራት ኮሩ ራይዘን 3 3200ጂ ይበቃል። ራሙን 16 ጊጋ ባይት አድርገው በሁለት ባለ 8 ቢከፍሉት ይሻላል፤ የውስጥ ምስል ማቀነባበሪያ የሚሠራው በዚያው ራም ስለሆነ፣ ሁለት ሲሆኑ ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል። ያገለገለ ማዘርቦርድ የሚገዙ ከሆነ 5600ጂን እንዲያውቅ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) መታደሱን ሻጩ ፊትዎ አብርቶ ያሳይዎት።

ስለ ዊንዶውስም ያስቡ። አውቶካድ ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በየሱቁ በርካሽ የሚገኙትን የሦስተኛና የአራተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች ለእህትዎ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥገና፣ ቀበሌ 14

የፖሊ ምሩቁ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂያችን የገለጹት በጀት አዲስ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ የሚያስገዛ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ደግሞ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ማዘርቦርዱን ወደ ሌላ ኬዝ ለማዛወር ያስባል፤ ይህ ከባድ ነው። ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርድ ኃይል የሚቀበለው በተለመደው ባለ 24 ቀዳዳ ሳይሆን በባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ነው፤ የፊት ቁልፎቹም ሽቦ ከሌላው የተለየ ነው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸው፣ መጽሐፍ የሚያህሉ ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች ያገለገሉ ሆነው ይመጣሉ፤ ኦፕቲፕሌክስ 3060 ማይክሮ እና ቲንክሴንተር ኤም720ኪው ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኮር አይ5 8500ቲ ያለውን ካገኙ ስድስት ኮር በ35 ዋት ነው፤ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል። ትንሹን ኮምፒውተር እንዳለ በኬዙ ወለል ላይ አስረው ያስቀምጡት። መስኮት መቁረጥም፣ ፓወር ሰፕላይ መግዛትም አያስፈልግም፤ ኃይሉን የሚያገኘው እንደ ላፕቶፕ ከአዳፕተር ነው። የኪቦርድ፣ የሞኒተርና የኔትወርክ ማራዘሚያ ገመዶች በካርድ መውጫዎቹ በኩል ይወጣሉ። ለማብሪያው፣ የትንሹን ኮምፒውተር ቁልፍ ሁለት እግሮች ላይ ቀጫጭን ሽቦ አስበይደው ከላይ ከተነገረው የሪሴት ቁልፍ ጋር ያገናኙ። ይህንን የሞባይል ጥገና ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል፤ ቦታው በጣም ጠባብ ነው።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፤ ወደ ፊት ፕሮሰሰሩን የማሳደግ ዕድሉ ውስን ነው፤ ትልቅ የምስል ካርድ መጨመርም አይቻልም። ለሁለት አቅጣጫ የአውቶካድ ሥዕል ግን በቂ ነው።

ጣና ዳር

ስለ ሙቀቱ ያልተነገረ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሳሳል፤ ፋን የሚያመነጨው ቅዝቃዜም ይቀንሳል። የ486 ኬዝ ደግሞ የታሰበው በፓወር ሰፕላዩ ፋን ብቻ እንዲተነፍስ ነው። ትንሹን ኮምፒውተር ቢመርጡም ሙቅ አየሩን ከኬዙ የሚያስወጣ ነገር ከሌለ ያንኑ አየር ደጋግሞ ይስባል። ፓወር ሰፕላዩ በተነሣበት ክፍተት ላይ አንድ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋን አየር ወደ ውጭ እንዲገፋ አድርገው ይግጠሙ፤ በዩኤስቢ 5 ቮልት የሚሠራው ዓይነት ድምፁም አይረብሽም።

ሐይቁ አጠገብ ለምንኖር የትንኙም ነገር አለ። ምሽት ላይ ወደ ብርሃን በመንጋ ስለሚመጣ በፋን ተስቦ ሂትሲንኩን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት) ይደፍናል። የፊቱን መግቢያ በውስጥ በኩል በደቃቅ ወንፊት ሸፍነው በየጊዜው ቢያጸዱት ኬዙ ለዓመታት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

የፊቱ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ከሆነ፣ ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበትን 12 በመቶ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ክሬም ቀብተው፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍነው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ጓንት ያድርጉ፣ ክሬሙም አንድ ቦታ እንዳይከማች እያገላበጡ ያስተካክሉት። ከዓመታት በኋላ ቢጫው ሊመለስ ይችላል።

የሽምብጧ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በጀቴን ሳየው የጥገናው ባለሙያ ሐሳብ ይስማማኛል፤ ጀርባውም ሳይቆረጥ መቅረቱ ደስ ብሎኛል። ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አዳፕተሩን ከኬዙ ውስጥ ማድረግ ይቻላል? እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድስ ምን ላድርግ? የወጣውን የ486 ማዘርቦርድም እንዳስቀምጠው ትመክሩኛላችሁ?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አባይ ማዶ

አዳፕተሩን ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሞቅ ዕቃ ስለሆነ ከፋኑ አጠገብ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ 220 ቮልቱ የሚያልፍበት ገመድም በላሜራው ዳር እንዳይቆረጥ በጎማ ቀለበት ይለፍ። አንድ ጊዜ 220 ቮልት ወደ ብረት ኬዝ ከገባ ኬዙ ራሱ ከሶኬቱ ግራውንድ ጋር መገናኘት ይኖርበታል፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ባዶው ብረት ላይ በብሎን ያሰሩ። የቤትዎ ሶኬት ግራውንድ እንዳለው በቴስተር ያስመርምሩ። ከሌለው አዳፕተሩን ውጭ ያድርጉት፤ ያኔ ወደ ኬዙ የሚገባው የአዳፕተሩ ዝቅተኛ ቮልት ብቻ ይሆናል።

ለመብራቱ፣ ቮልት የሚያስተካክል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሣጥን) ይግዙ። ኮምፒውተሩ የሚፈጀው ጥቂት ዋት ስለሆነ አነስተኛው እንኳ ሥራ አስቀምጦ ለመዝጋት በቂ ጊዜ ይሰጣል። ባዮስ ውስጥ ደግሞ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ ጠፍቶ ይቆይ የሚለውን ይምረጡ። መብራት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ ራሱ የሚነሣ ኮምፒውተር በእያንዳንዱ ብልጭታ እየተነሣ ይወድቃል።

የ486 ማዘርቦርዱን አይጣሉት። ላዩ ላይ በርሜል የሚመስል ሰማያዊ ባትሪ ካለ ግን ዛሬውኑ ይነሣ፤ የሚያፈሰው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮቹን ይበላቸዋል። ባትሪው ያረፈበትን ቦታ በጥቂት ኮምጣጤ ጠርገው፣ ከዚያም በአልኮል አጽድተው፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።