የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰፋ የአጎራባች ነዋሪ መብት እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት አለፍ ብሎ ነው። አጎራባቻችን የሆነ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ለመገንባት አጥሩን በማስፋቱ፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት የእግር መንገድ ተዘግቷል፤ የክረምቱ ጎርፍም መውረጃ አጥቶ ወደ ጓሯችን ይገባል። መስፋፋቱን ባንቃወምም ሳንጠየቅ መፈጸሙ በሕግ እንዴት ይታያል?

መልስ 1፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፕሮጀክቶች በሚመለከት የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሚመለከተው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ በጋራ ፈርማችሁ፣ የግንባታው ፕላንና የግምገማው ሰነድ እንዲታይላችሁ ክፍለ ከተማውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ፣ እንደምናውቀው፣ መዝገብ አይከፈትለትም። የተዘጋውን ቦይና ጎርፍ የገባበትን ጓሮ ቀን ጠቅሳችሁ ፎቶግራፍ አንሱ።

መልስ 2፦ በመምህርነት ስላገለገልኩ በሌላ በኩል ልየው። ማደሪያ በግቢው ውስጥ ካልተሠራ ተማሪው ሰርቪስ ቤት ፍለጋ ወደ ሰፈሩ ይወጣል፤ ኪራይም ይወደዳል። ይህ አከራዩን ደስ ሊያሰኘው ቢችልም ተከራዩን ያፈናቅላል። ስለሆነም ክርክሩን በሕንፃው ላይ ሳይሆን በመንገዱና በቦዩ ላይ ብታደርጉ ይሻላል።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ለዕድራችን ስብሰባ አቅርቤ አስፈርማለሁ፤ ቦዩ ግን ከሰኔ በፊት መከፈት አለበት።